የመሬት ዋስ ማን ነው?

በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ጉድጓድ የተጻፈ ሕግ አለ። ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተወውና የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ገብቶ ቢሞት፣ የጉድጓዱ ባለቤት የከብቱን ዋጋ እንዲከፍል ያዝዛል። የዚህ ሕግ ምሥጢር ለሚያስተውል ሰው ግልጥ ነው። መቆፈር ኃጢአት አይደለም፤ ውኃ የሚገኘው በጉድጓድ ነውና። ዕዳው የሚመጣው ባለመክደን ነው። ቆፋሪው ለጥቅሙ የከፈተውን ለሌላው ጉዳት ክፍት አድርጎ ይሄድ ዘንድ ሕግ አይፈቅድለትም።

ይህ ሕግ በተሰጠ ጊዜ የጉድጓድ ጥልቀት በክንድ ይለካ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ የሚፈልጉ ኩባንያዎች መሬትን በሺህ በሚቈጠር ሜትር ይበሱታል። ጥልቀቱ ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም። ጋዙ ወጥቶ ባለቀ ጊዜ፣ ማሽኑ ተነቅሎ በሄደ ጊዜ፣ ጉድጓዱን የሚከድነው፣ የተጨፈለቀውን አፈር የሚያላላው፣ የጠፋውን ሣር የሚመልሰው ማን ነው? ወጪውስ ከማን ኪስ ይወጣል? ይህን ጥያቄ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ ከሀገራችን ደጃፍ ደርሷልና። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. የተባሉት ዘመናት በሀገራችን፣ የቀሩት በኤውሮፓ አቈጣጠር እንደ ተጻፉ አንባቢው ልብ ይበል።

በኦጋዴን ምድር የነዳጅ ፍለጋ የተጀመረው ትናንት አይደለም። በ1945 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲንክለር ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ሰጠ፤ እርሱም ጥቂት ዓመታት ፈልጎ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። አብዮትና ጦርነት መጥቶ እርሱም ወጣ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በዚያው አካባቢ ብዙ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ መንግሥታቸው በፈረሰ ጊዜ ሥራቸውም ቀረ። ከዚያ በኋላ የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ። በ2013 ፖሊ ጂ.ሲ.ኤል. የተባለው የቻይና ኩባንያ ውል ተዋዋለ፤ በ2018 ከሂላላ ለሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ መውጣት ጀመረ፤ በ2022 ግን መንግሥት ውሉን ሰረዘ። በ2025 በካሉብ የጋዝ ሥራው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቆ ተከፈተ።

ይህን ታሪክ የምንዘረዝረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር እንዲታይልን እንወዳለን። በ80 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ቆፋሪው ደጋግሞ ተለዋወጠ፤ ውሉን የፈረመውም መንግሥት ከአንድ ጊዜ በላይ ተለወጠ። ያልተለወጡ ሁለት ናቸው፤ መሬቱና በመሬቱ ላይ ግመሉን፣ በጉንና ፍየሉን የሚያሰማራው ዘላን። ሂያጅ በሚበዛበት ሥራ የመጨረሻው ዕዳ በማይሄደው ላይ መውደቁ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተስፋችን በቆፋሪው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተመሠረተ እንደ ሆነ፣ በጎ ፈቃዱ ያለው ሰው እንኳ በዕለቱ በሀገር ላይ ላይገኝ ይችላል።

አሁን አንድ ጉድጓድ ከመሬት ላይ ምን እንደሚወስድ እንመልከት። ማማው የሚተከልበት ስፍራ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሄክታር ያህል ይሆናል፤ በዚህ ላይ መንገዱ፣ ቧንቧው የሚያልፍበት መሥመርና የመቆፈሪያ ጭቃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይጨመራሉ። ስፍራው ደልዳላ እንዲሆን ገጹ ይገፈፋል። ከባድ መኪና ደጋግሞ ሲሄድበት አፈሩ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ዝናም ቢዘንም ውኃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይፈሳል፤ የሣርም ሥር ሊገባበት አይችልም። ከጋዙና ከዘይቱ ጋራ ከጥልቅ የሚወጣው ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጅግ ጨዋማ ነው። ይህ ውኃ በአፈር ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ጨው የአፈሩን ቅንጣት ይበታትነዋል፤ ገጹም ተለስኖ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሆናል። ጨው የጠጣ መሬት ለብዙ ዓመታት መካን ሆኖ እንደሚቀር የታወቀ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የላይኛው አፈር ጥፋት ነው። በመሬት ገጽ ላይ ያለችው ቀጭን አፈር፣ በብዙ ስፍራ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማትበልጠው፣ የሕይወት ሁሉ ጎተራ ናት። ዘሩ፣ ብስባሹ፣ በዓይን የማይታዩት ሕያዋን ሁሉ በእርስዋ ውስጥ ይኖራሉ። ይህች አፈር ከታችኛው አፈር ጋራ የተደባለቀች እንደ ሆነ፣ የዘመናት ሥራ በአንድ ቀን ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ገና ሥራውን ሳይጀምር የላይኛውን አፈር ለብቻው ገፍፎ፣ የታችኛውንም ለብቻው ከምሮ ያስቀምጣል። ሥራው ሲፈጸም በየተራው ይመልሰዋል። ክምሩም ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት የቆየ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታልና፣ ባጭር ጊዜ መመለስ ይገባዋል። እንግዲህ የማዳኑ ሥራ የሚጀመረው ከቁፋሮው በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ማለዳ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የመክደኑ ሥራ ራሱ ሥርዓት አለው። ጉድጓዱ ያለቀለት እንደ ሆነ፣ ጋዝ ካለበት ንብርብር ጀምሮ ንጹሕ ውኃ እስካለበት ንብርብር ድረስ በየስፍራው በሲሚንቶ ይደፈናል። የብረቱም ቧንቧ ከመሬት ገጽ በታች ተቈርጦ በክዳን ይዘጋል። ይህ በደኅና ያልተደረገ እንደ ሆነ ጋዝና ጨዋማ ውኃ በውስጡ ሽቅብ እየወጣ፣ ከጉድጓድ የሚጠጣውን ውኃ ያበላሻል፤ ጋዙም ወደ አየር ይበተናል። ከዚህ በኋላ ጭቃውና ፍርስራሹ ተነሥቶ፣ ኮረብታውና ሸለቆው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ጎርፍ ገደል እንዳይቈርጥ የውኃው መንገድ ይቃናል። የጠነከረው አፈር በጥልቅ ይታረሳል። ጨው የነካው መሬት ጂፕሰም በሚባለው፣ ጀሶ በሚሠራበት ድንጋይ ዱቄትና በንጹሕ ውኃ ይታከማል። በመጨረሻም ዘር ይዘራል፤ ቡቃያው እስኪጠነክር ድረስም ከከብት ይጠበቃል።

በደጋ፣ ዝናም በሚበዛበት ስፍራ፣ መሬት ቍስልዋን ቶሎ ታሽራለች። በቆላና በደረቅ ሀገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በኦጋዴን ዘላኑ የሚጠብቀው ሁለት ዝናም ነው፤ በሚያዝያ ግድም የሚመጣው ጉ፣ በጥቅምት ግድም የሚመጣው ደይር። ሁለቱም እንደ ልብ የሚታመኑ አይደሉም። አንዱ ወቅት የቀረ እንደ ሆነ የተዘራው ዘር ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሀገር መሬት ዳነች ለማለት የአንድ ዓመት አረንጓዴ ምስክር አይበቃም፤ ብዙ ዓመት መጠበቅና ደጋግሞ መዝራት ያሻል።

የሚዘራውም ዘር የሀገሩ ዘር ሊሆን ይገባዋል። በዚህ ረገድ ከራሳችን ታሪክ የተገኘ መራራ ትምህርት አለን። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አፋር ምድር የገባው በረሓን ያለመልማል፣ አፈርን ይይዛል ተብሎ ነበር። ዛፉ ግን እንግድነቱን ረስቶ ባለቤት ሆነ፤ የግጦሹን መሬት እየወረረ፣ ሣሩን እያጠፋ፣ ከብቱን ከመሰማሪያው አስወጣ። እስከ ዛሬም ድረስ ሊነቅሉት ይታገሉታል። ከዚህ የምንማረው፣ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ የዳነ መሬት አለመሆኑን ነው። መሬት ዳነች የሚባለው የቀድሞው ሣር ሲመለስና የቀድሞው ከብት ሲሰማራበት ነው። የትኛው ሣር ለግመል፣ የትኛው ቅጠል ለፍየል እንደሚስማማ ከሀገሩ ሽማግሎች የበለጠ የሚያውቅ የለምና፣ መሬት ዳነች አልዳነችም በሚለው ፍርድ ላይ የእነርሱ ቃል ሊሰማ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ይህን ሁሉ ሥራ የሚከፍለው ማን ነው? በዚህ ነገር ከእኛ የቀደሙ ሀገሮች የከፈሉትን ዋጋ ማወቅ ይጠቅመናል።

በአሜሪካ ኤድዊን ድሬክ በፔንሲልቫንያ ግዛት ዝነኛውን የነዳጅ ጉድጓድ የቆፈረው በ1859 ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያች ሀገር የተቆፈረው ጉድጓድ እጅግ ብዙ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ባለቤት የሌላቸው ሆነው ቀርተዋል፤ የቆፈራቸው ኩባንያ ወይ ከስሯል፣ ወይ ጠፍቷል። አሜሪካኖች እነዚህን የሙት ልጆች ጉድጓዶች ብለው ይጠሩአቸዋል። በ2021 የሀገሪቱ ምክር ቤት እነዚህን ለመድፈንና መሬታቸውን ለማዳን 4.7 ቢሊዮን ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ መደበ። ትርፉን የወሰደው ሌላ፣ ክዳኑን የገዛው ሕዝብ ሆነ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ያልን እንደ ሆነ፣ በአሜሪካ መያዣ ሳይጠየቅ ቀርቶ አይደለም። በመንግሥት መሬት ላይ የሚቆፍር ሁሉ መያዣ ያስይዝ ነበር። ነገር ግን ለአንድ የኪራይ ውል የተወሰነው ዝቅተኛ መያዣ 10,000 ዶላር ሲሆን፣ ይህም በ1960 የተወሰነ ነው። በአንድ ግዛት ውስጥ ላሉት ውሎች ሁሉ የሚበቃው 25,000 ዶላር ደግሞ በ1951 የተወሰነ ነው። ገንዘቡ እየረከሰ፣ ሥራው እየተወደደ ሲሄድ ቍጥሩ ሳይነካ ኖረ። የምክር ቤቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2019 እንደ ገመተው፣ አንድ ጉድጓድ ደፍኖ መሬቱን ለማዳን ቢያንስ ወደ 20,000፣ ሲበዛ ወደ 145,000 ዶላር ያስፈልጋል። እንግዲህ በአንድ ውል ውስጥ ብዙ ጉድጓድ ሊኖር ሲችል፣ መያዣው የአንዱን ርካሽ ጉድጓድ ግማሽ ብቻ የሚከፍል ነበር ማለት ነው። በ2024 መንግሥት ዝቅተኛውን መያዣ ለአንድ ውል 150,000፣ ለአንድ ግዛት 500,000 ዶላር አደረገው። ቍጥሩ ከፍ እስኪል ድረስ ግን ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። ከዚህ የምንማረው፣ መያዣ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃና ከሥራው ዋጋ ጋራ አብሮ የማያድግ መያዣ ስሙ እንጂ ግብሩ መያዣ አለመሆኑን ነው።

በካናዳ ደግሞ ነገሩ ከሸንጎ ደረሰ። በአልበርታ ግዛት ሬድዋተር የሚባል የነዳጅ ኩባንያ በ2015 ከሰረ። የከሰረውን ንብረት የሚያጣራው ወገን የሚጠቅሙትን ጥቂት ጉድጓዶች ሸጦ ለአበዳሪው ባንክ ሊከፍልበት፣ የማይጠቅሙትን ግን የእኔ አይደሉም ብሎ ሊጥላቸው አሰበ። የበታች ፍርድ ቤቶች ይህን ተቀበሉለት። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጥር 31 ቀን 2019 ፍርዱን ሻረ። ኩባንያው ቢከስርም እንኳ ጉድጓዱን የመድፈንና መሬቱን የማዳን ግዴታው እንደማይቀርለት፣ የቀረውም ንብረት አስቀድሞ ለዚሁ ሊውል እንደሚገባ ፈረደ። በዚህ ፍርድ መሬት ከባንክ በፊት ተቀመጠች። ለኦሪቱ የጉድጓድ ሕግ ከዚህ የቀረበ ትርጓሜ በዘመናችን ማግኘት አይቻልም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በጊዜው ያልተከደነ ነገር ምን እንደሚያደርስ ሊያይ የሚወድ ሰው ደግሞ በራሳችን ክፍለ ዓለም ወደ ናይጄርያ ይመልከት። በኦጎኒ ምድር ነዳጅ ማውጣት በ1993 ቆመ፤ ፍሳሹና ቧንቧው ግን ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ መርሐ ግብር ምድሪቱን መርምሮ በ2011 ያወጣው ዘገባ፣ በአንዳንድ ስፍራ ዘይቱ 5 ሜትር ያህል ወደ አፈር ውስጥ እንደ ሰረገ ገለጠ። በአንድ መንደር ሰዎች በሚጠጡት ውኃ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ ከነዳጅ የሚወጣ መርዝ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው መጠን ከ900 ጊዜ በላይ በልጦ ተገኘ። ምድሪቱን ለማዳን ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተገመተ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ያባቶቻችንን ምሳሌ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

እነዚህን ምሳሌዎች ካየን ዘንድ ወደ ቤታችን እንመለስ። በሀገራችን ሕግ የለም ልንል አንችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ አርብቶ አደሩም ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። በ44ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300ም የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ይከፈል ማለትና መክፈያውን አስቀድሞ መያዝ አንድ አይደሉም። ሕግ የሚጠይቀው ያለውን ሰው ነው፤ የሄደውንና የከሰረውን ከወዴት ያገኘዋል?

ለዚህ መድኃኒቱን ከባዕድ መዋስ አያስፈልገንም፤ ያባቶቻችን ሥርዓት ነውና። በሀገራችን ልማድ ሰው ገንዘብ ሲበደር፣ በዳኛ ፊት ሲሟገት፣ ዋስ ጥራ ይባል ነበር። ዋስ የሚጠራው ሰውዬው ሌባ ነው ተብሎ አልነበረም። ሰው ሞትም፣ ስደትም፣ ድኽነትም ሊያገኘው ስለሚችል ነበር እንጂ። ለአንድ በሬ ግዢ ዋስ የጠየቀ ሕዝብ፣ ለአንድ ሀገር ግጦሽ ዋስ ሳይጠይቅ ቢቀር ነገሩ እንዴት ይታያል? ጋዝ የሚያወጣ ኩባንያ ጉድጓዱን ሳይከፍት በፊት የመክደኛውን ዋጋ በታመነ ባንክ ሊያስይዝ ይገባል የምንለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ከባድ መያዣ የጠየቅን እንደ ሆነ ኩባንያዎች ወደ ሌላ ሀገር ይሸሹብናል፤ ድኻ ሀገር ደግሞ ገንዘብ ይዞ የመጣውን ማባረር አይገባትም የሚሉ አሉ። ይህ ቃል በከንቱ የሚጣል አይደለም፤ ሀገራችን ማዳበርያም፣ ማገዶም፣ የውጭ ምንዛሪም ያስፈልጋታልና። ነገር ግን የመክደኛውን ዋጋ ሊያስይዝ የማይችል ኩባንያ መክደኛውን ሊከፍልም አይችልም። ዛሬ ቀለለልን ያልነው ወጪ ነገ በልጆቻችን ላይ ከነወለዱ ይወድቃል። ደግሞም መያዣው በአንድ ቀን ሁሉ ይቅረብ የሚል የለም፤ ጉድጓድ በተጨመረ ቍጥር እየተጨመረ፣ መሬት በዳነ ቍጥር እየተመለሰ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ሥራውን በደኅና የሠራ ኩባንያ የሚያጣው ነገር የለም፤ ገንዘቡን ይረከባልና።

ስለዚህ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሹማምንት ጥቂት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጉድጓድ ሳይቆፈር በፊት የስፍራው አፈር፣ ውኃና ሣር ተመርምሮ በመዝገብ ይጻፍ፤ የቀድሞው መልክ ያልተመዘገበ መሬት ዳነ አልዳነም ብሎ መፍረድ አይቻልምና። ሁለተኛ፣ የመያዣው ልክ በእውነተኛው የሥራ ዋጋ ይተመን፤ በየጥቂቱ ዓመትም ይታደስ፤ የአሜሪካ የ60 ዓመት እንቅልፍ ለእኛ ትምህርት ይሁን። ሦስተኛ፣ መያዣው ከመንግሥት የዕለት ወጪ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የተቸገረ እጅ ወደ ቀረበው ሣጥን መዘርጋቱ አይቀርምና። አራተኛ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው ሲሚንቶው በፈሰሰ ዕለት ሳይሆን፣ ሣሩ በቅሎ ጥቂት የክረምትና የበጋ ወራት ካለፈበት በኋላ፣ በሀገሩ ሽማግሎች ፊት ተመስክሮ ይሁን። አምስተኛ፣ ካለፉት ዘመናት የቀሩት ጉድጓዶች ሁሉ በየስማቸውና በየስፍራቸው ይቈጠሩ፤ በደኅና መደፈናቸውም ይመርመር።

ለካህናትም የምንለው አለን። ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ደን እስከ ዛሬ የቆየው በገንዘብ ኃይል አይደለም፤ የማይገሠሥ አደራ ነው ተብሎ ስለ ተጠበቀ ነው። የደጋው ዛፍ ዘር በብዙ ስፍራ በዚህ ዐጸድ ውስጥ ብቻ ተርፎ ይገኛል። ይህን የጠበቀ ትምህርት ከዐጸዱ ቅጥር ውጭም ይሰበክ። የኦጋዴን ዘላን በሃይማኖት እስላም ቢሆንም፣ ምድሪቱ የአንድ ፈጣሪ ናት፤ አደራውም አንድ ነው። በዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ሰው በእርስዋ ላይ እንግዳ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ያደረበትን ቤት አጽድቶ ሊሄድ ይገባዋል።

ጋዙ የሚያልቅበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን ከካሉብ አጠገብ ግመሉን የሚነዳ ልጅ የቀድሞውን ሣር ያገኘ እንደ ሆነ፣ የዛሬዎቹ ሹማምንት ዋስ ጠርተው ነበር ይባላል። ጨው የለበሰ ሜዳና ክፍት ቧንቧ ያገኘ እንደ ሆነ ግን፣ ሀብቱን ያገኙት ሰዎች ከጥቂት ዘመን በላይ ማየት ተስኖአቸው ነበር ይባላል። ከሁለቱ አንዱን የምንመርጠው ያን ጊዜ ሳይሆን ዛሬ፣ ውሉ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ነው።